ለቀለም ቀቢ አባቴ ስለ ቀለም ዋሸሁት

ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ ግማሾቻችሁ ትስቃላችሁ፣ ግማሾቻችሁ ትሰድቡኛላችሁ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

ሻይ የያዘ ያስቀምጥ።

መጀመሪያ ኑዛዜ። ፕሮፋይሌ ላይ «አዲስ አበባ» የሚለው ውሸት ነው። የምኖረው ሰበታ ነው።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! ሥራዬ አዲስ አበባ፣ ጓደኞቼ አዲስ አበባ፣ ደሞዜ የሚያልቀው አዲስ አበባ። ሰበታ የምሄደው ለመተኛት ብቻ ነው። ኦቦ ለሚ የሚባሉ ሰውዬ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ።

ደሴ ላለው አባቴ ግን አራት ዓመት ሙሉ የነገርኩት «አዲስ አበባ ቤት ይዣለሁ» እያልኩ ነው። ቤት ስለው እሱ በሐሳቡ ሳሎን ሠራበት፣ ሶፋ አስገባበት፣ በረንዳ ጨመረበት። እኔም አላረምኩትም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደወለልኝ። ለዓይኑ ሊመጣ ነው።

ግራ ዓይኑ ከዓመታት በፊት ኦፕራሲዮን ሲደረግ አልተሳካም፣ ጠፋ። አሁን ቀኙንም ሞራ እየጋረደው ነው። ኦፕራሲዮኑ ነገ ጠዋት ነው። ስልክ ላይ ያለኝን እንዳለ ልጻፍላችሁ፦

«ሆስፒታል ከመግባቴ በፊት ቤትሽን ልየው። በኋላ የሚሆነው አይታወቅም።»

ሰውየው በሕይወቱ የጠየቀኝ አንድ ነገር ይሄ ነው።

እኔስ? ዞር ብዬ ክፍሌን አየኋት። አንዱ ግድግዳ እርጥበት ወጥቶበት እስከ ደረቴ ጠቁሯል። ሽንት ቤቱ ለስድስት ተከራይ አንድ ነው። ውኃ ሲመጣ ግቢው ሁሉ ጀሪካን ይዞ ይሮጣል። አፈርኩ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም አፈርኩ።

ቡራዩ ጓደኛ አለችኝ፣ ሁለት ክፍል ያላት። ግን አማቷ «ለሳምንት ነው» ብለው ከመጡ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። ሱሉልታ የአክስቴ ልጅ አለ። ግን የሱሉልታን ብርድ ለሰባ ዓመት ሰው አስቡት! ደግሞም ወሬው በማግስቱ ደሴ ይገባል።

ስለዚህ ገስት ሀውስ። ሦስት ቀን ሙሉ ኦንላይን ሪቪው ሳነብ ከረምኩ። የአዲስ አበባን የአልጋ ዋጋ ሳይ ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት። መልሼ አነሳሁት። ሆስፒታሉ አጠገብ አንድ አገኘሁ፣ ዋይፋይ አለው። አባቴ ዋይፋይ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ግን ምን ብዬ ላሳምነው? ልጁ እያለች አባት አልጋ ተከራይቶ አያድርም፤ ነውር ነው። ምክንያት ያስፈልገኛል።

«አባዬ፣ ቤቴ ቀለም እየተቀባ ነው» አልኩት።

የአባቴ ሥራ ምን መሰላችሁ?

ቀለም ቀቢ!

አርባ ዓመት! ደሴ ላይ እሱ ያልቀባውን ሱቅ መቁጠር ይቀላል። እኔን ያሳደገኝ ብሩሽ ነው። የጎረቤት ለቅሶ አለ ማለት እችል ነበር፤ ውኃ ጠፋ ማለት እችል ነበር፤ እሱማ እውነትም ነበር! ከዚያ ሁሉ መርጬ ለቀለም ቀቢ ስለ ቀለም ዋሸሁ። ሰይጣን ራሱ ሳይታዘበኝ አልቀረም።

ከቀለም በፊት የሚለሰነው ስቱኮ ደርቆ እንደሆነ ጠየቀኝ። ደርቋል አልኩ። ማን እንደሚሠራልኝ ጠየቀኝ። አንድ ልጅ አልኩ። በደንብ እንዲፍቀው ንገሪው አለኝ። በቃ፣ ያለፈልኝ መሰለኝ።

ትናንት መጣ። ሻንጣው ትከሻዬን ገነጠለው፣ ሽሮና በርበሬ መስሎኝ ችዬ ተሸከምኩት። ገስት ሀውስ አስገባሁት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና አንሶላውን በእጁ ዳበስ ዳበስ አደረገ።

«እንግዳ ሆንኩብሽ?» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ገባሁ። ለምሳ ፍቃድ ወስጄ፣ ምግብ አስቋጥሬ ሄድኩ።

ክፍሉ ባዶ!

ስልኩ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። አባቴ የለም። ወደ ሪሴፕሽኗ ልጅ ሮጥኩ። ስልኳን እያየች «ልጄ ቤት እሄዳለሁ ብለው ወጡ» አለችኝ።

«የት ልጃቸው ቤት?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ልጃቸው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

በዚህች ላይ ኮሜንት አታድርጉ። እኔ ራሴ ስጨርስ አደርግባታለሁ።

ሆስፒታል ሄድኩ፣ ጥበቃዎቹ አላዩትም። ተመለስኩ፣ የለም። በአንድ ዓይን፣ እሱም ሞራ በጋረደው፣ የአዲስ አበባን አስፋልት ሲሻገር ታየኝ። እግረኛ መንገድ ላይ የቋጠርኩትን ምሳ ታቅፌ አለቀስኩ። አላፊ አግዳሚው ምግቡ ተደፍቶብኝ መስሎት ይሆናል።

ስልኬ ጠራ። አከራዬ ኦቦ ለሚ ናቸው።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አባትሽ እዚህ ናቸው። አንቺ የት ነሽ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ፋሲካ ስልኬ ተበላሽቶ በኦቦ ለሚ ስልክ ደውዬለት ነበር። አባቴ ደግሞ የደወለለትን ቁጥር ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፋል። ዛሬ ጠዋት ደውሎ የልጄ ቤት የት ነው አላቸው። ኦቦ ለሚ ምን ያውቃሉ? አየር ጤና ድረስ፣ ከዚያ የሰበታ ታክሲ ብለው አስረዱት። ታክሲው እስኪደርስም መውረጃው ላይ ቆመው ጠበቁት።

የዓለም ገናን መንገድ መጨናነቅ ለምታውቁት አልነግራችሁም። ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው።

ዕቃዬ በሙሉ ግቢው መሐል ተዘርግቷል!

ፍራሼ። የልብስ ካርቶኔ። ያልታጠበው ልብሴ ከነሳፋው። እርጥበቱን የሸፈንኩበት ትልቁ የባሕር ዳርቻ ፖስተርም አጥር ተደግፎ ቆሟል፣ ጎረቤቶቼም ቆመው ያዩታል። ፎቶዬን ሁሌ አንድ ግድግዳ ፊት ለምን እንደምነሳ ስትጠይቁኝ አልነበር? እርጥበት ያለበት እንዳይታይ ነው። በሉ ተገላገልን።

ወደ ውስጥ ገባሁ። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ብሩሽ ይዞ ቆሟል። ለካ ያ ከባድ ሻንጣ ውስጥ የነበረው ብሩሹ፣ መፋቂያውና ብርጭቆ ወረቀቱ ነው። ያንን የሌለ ቀቢ ልጅ ሊያግዘው ከደሴ ተሸክሞት መጣ! ኦቦ ለሚ በሩን በትርፍ ቁልፋቸው ከፍተውለት፣ ከራሳቸው ሳሎን የተረፈውን ቀለምም ሰጥተውታል።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«መስኮት አላት» አለ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«እኔና እናትሽ መጀመሪያ የገባንባት ቤት መስኮትም አልነበራት።» ብሩሹን ጣሳው አፍ ላይ ጠረግ አደረገ። «ይችን ነው እንዳላይ የከለከልሽኝ?»

እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ ይቅር በለኝ አልኩት። ተነሺ፣ ቀለም ይነካሻል አለኝ።

ከዚያ ግድግዳውን አየሁት።

ጓደኞቼ፣ አባቴ በጥንቃቄው የታወቀ ሰው ነው። ልጅ ሆኜ አንድ ጥግ አሥር ጊዜ ሲመለስበት አይቻለሁ። ይሄኛው ግድግዳ ግን መሐል ላይ ሰፌድ የሚያህል ቦታ ጭራሽ ብሩሽ አልነካውም። ከመስኮቱ ሥር ሌላ አለ። ከበሩ አጠገብ ደግሞ ሌላ። ጥቁሩ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

አላየውም።

መዳፉን ግድግዳው ላይ እያስኬደ ልስላሴውን ፈተነ። ግድግዳው እውነትም ለስልሷል። እጅ ግን ቀለም አያይም። ያልተቀባው ላይ ደረሰ፣ አለፈው።

«ያልደረስኩበት ቦታ አለ?» አለኝ።

ኦቦ ለሚ በሩ ላይ ቆመዋል። አንገታቸውን ደፉ።

«የለም፣ አባዬ። አንድም የለም።»

«እጄ አልረሳም ማለት ነው» አለና ደስ አለው።

አሁን ይሄን የምጽፍላችሁ ግቢው ውስጥ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ነው። አባቴ ፀሐይ ላይ በተዘረጋው ፍራሼ ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ገስት ሀውሱ እስከ ነገ ተከፍሎበት ባዶውን ከነዋይፋዩ ተቀምጧል። ለሆስፒታሉ ገስት ሀውሱ ይቀርባል ብዬ ብነግረውም፣ ዛሬ የማድረው ልጄ ቤት ነው ብሏል። ነገ ጎህ ሳይቀድ ተነስተን ታክሲ መሰለፍ ነው።

ጎረቤቴ ብሩሹን አንስታ ቦታዎቹን ልሙላልሽ አለችኝ። እንዳትነኪው አልኳት።

ኦፕራሲዮኑ ካልተሳካ አባቴ ያንን ግድግዳ መቼም አያየውም፤ ውሸቴም ተደብቆ ይቀራል። ከተሳካ ግን በሩን ገና ሲከፍት ነው የሚያየው። ይሄ ምንድን ነው፣ አንቺስ እያየሽ ዝም አልሽ ወይ ብሎ ግቢውን በአንድ እግሩ ያቆመዋል፤ አውቀዋለሁ።

ትምህርቱ? ለቀለም ቀቢ ስለ ቀለም አትዋሹ።

እኔ ሁለት ጊዜ ዋሸሁት። በሁለተኛው ውሸቴ መጥቶ እንዲቆጣኝ ጸልዩልኝ።