አንዲት ቱርቦ ለሁለት መኪና

በሆሳዕና ከተማ ብዙ ማኅበራት ተመሥርተዋል፤ አብዛኞቹም በአባላት ብዛት ምክንያት ፈርሰዋል። የአሮጌ ጭነት መኪና ባለንብረቶች የጋራ ዕድገት ማኅበር ግን ይህ አደጋ አያሰጋውም። አባላቱ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሊቀመንበር ነው፣ ሁለተኛው ጸሐፊ ነው። ተራ አባል ስለሌለው የሚያጉረመርም የለውም። ምልዓተ ጉባኤ ጎድሎበትም አያውቅም፤ አንዱ ከቀረ ሌላው ቤቱ ድረስ ሄዶ ያሟላዋል። ድምፅ እኩል ለእኩል ሲከፈል የሊቀመንበሩ ያመዝናል ይላል ደንቡ። ይህችም አንቀጽ የውስጥ ዴሞክራሲውን ከመጓተት አድናዋለች።

ሊቀመንበሩ ጋሽ ወንዳፈረው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ማኅተም ሲያሳርፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ማኅተሙን አስረክበው ድምፁን ግን ይዘውት የመጡ ሰው ናቸው። ጸሐፊው ዕንባቆም ነው። ሾኔ ተወልዶ፣ አሮጌ አይሱዙውን ይዞ ሆሳዕና የገባ፣ እጅ ጽሑፉ ያማረ ሹፌር። ከመኪናዋ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። መኪናዋ ደግሞ ሜዳ ላይ ታማኝ፣ ቁልቁለት ላይ ደፋር ነበረች። አቀበት ላይ ግን ታስባለች። ከዱራሜ ወደ አንጋጫ የሚያወጣው ዳገት ላይ ስትደርስ እጅግ ከማሰቧ የተነሳ፣ ጭነቱን ያስጫነው ሰው ወርዶ በእግሩ ቀድሟት አንጋጫ ሻይ ጠጥቶ ይጠብቃት ነበር።

የማኅበሩን ታሪክ የለወጠችው የዝንጅብል ነጋዴዋ ወይዘሮ ሙሉነሽ ናት። አንድ ቀን ዕንባቆምን ጠርታ እንዲህ አለችው።

«የዘንድሮን የሙዱላ ዝንጅብል በሙሉ ላንተ ልስጥህ አስቤያለሁ። አንተ አትሰርቅም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ልይህ። ዝንጅብሉ የሚደርሰው ከወር በኋላ ነው፤ የአዲስ አበባው ተሳቢ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ነው የሚነሳው። ከዚያ በፊት ሆሳዕና ካስገባህልኝ፣ ወቅቱ በሙሉ ያንተ ነው። ዝንጅብሌ ዳገት ላይ ቁጭ ብሎ አገር የሚያይ ከሆነ ግን ሌላ ሰው አለኝ።»

ወቅቱን ሙሉ ሥራ ማለት ለዕንባቆም ጎማ ነው፣ የልጆች ትምህርት ቤት ነው፣ የቤቱ ጣሪያ ነው። በዚያው ቀን አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

ጋሽ ወንዳፈረው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ፊት ለፊታቸው ለተቀመጠው ጉባኤ፣ ማለትም ለዕንባቆም፣ ንግግር አደረጉ። «የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት! አቀበት ተፈጥሯዊ ክስተት ነው። ሆኖም ለአቀበት መንበርከክ ከማኅበራችን ራዕይ ጋር የሚጣጣም አይደለም። ስለሆነም ችግሩን ከሥሩ ለመንቀል፣ ቱርቦ እንዲገጠም የመፍትሔ ሐሳብ አቀርባለሁ።»

ቱርቦ ማለት ከሞተሩ ጎን የሚለጠፍ፣ ቀንድ አውጣ የሚመስል፣ ለሞተር ትንፋሽ የሚቀጥል ብረት ነው። አዲሶቹ መኪኖች ከፋብሪካቸው ይዘውት ይወለዳሉ። ለአሮጌዎቹ ግን ሰው ያስብላቸዋል። ለምክር የተጠራው መካኒክ ሊሻን፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ አዳመጠ።

«ስንት መኪና ነው?» አለ።

«ሁለት።»

«እንግዲያው ሁለት ቱርቦ ነው።»

«በጀቱ ለአንድ ነው የሚበቃው፤ እሱም አሮጌ ከሆነ» አሉ ጋሽ ወንዳፈረው።

«አንድ ከሆነማ አንድ መኪና ነው የሚገጠመው።»

ሊሻን በዕውቀት እንጂ በአመራር ያልበሰለ ሰው ስለነበር ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መሰለው። ዕንባቆም ግን ሌሊቱን አሰበበት፤ ሲነጋም መፍትሔውን በገዛ ቤቱ አገኘው። ሚስቱ ገነቴ የዊጆ አባል ናት። ሴቶቹ የየሳምንት ቅቤያቸውን አዋጥተው ለባለተራዋ ይሰጣሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ለሌላዋ። እንዲህ እያሉ ሁሉም በየተራዋ ሙሉ ማሰሮ ታገኛለች። ዘመናት የሠራ ነገር ነው።

«ቱርቦዋን እንደ ዊጆ እናደርጋታለን» አላት ደስ ብሎት። «ሁለት ሳምንት እኔ፣ ሁለት ሳምንት ጋሼ።»

ገነቴ የምትፍቀውን እንሰት ትታ ቀና አለች። «ዊጆ እኮ ቅቤ ነው።»

«መርሁ አንድ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ የኛ ቅቤ ከአንዷ ማሰሮ ወደ ሌላዋ ሲገባ አሥራ አራት ቁልፍ አይፈልግም።»

ይህ አስተያየት ከማኅበሩ አባል የቀረበ ስላልነበረ በቃለ ጉባኤ አልሰፈረም።

ቱርቦዋ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ በጆንያ ተጠቅልላ መጣች። ሊሻን ጥቂት ነገሮች እንደሚያስፈልጓት ተናገረ፦ የዘይት መስመር፣ ደህና የአየር ቱቦ፣ የሙቀት መለኪያ። ማኅበሩም ጥያቄውን በጥልቀት መርምሮ የዘይት መስመሩን ፈቀደ። የአየር ቱቦው ከተጣለ አውቶቡስ ራዲያተር ላይ እንዲቆረጥ ወሰነ። የሙቀት መለኪያው ግን ሹፌሩ በየጊዜው እጁን ኮፈኑ ላይ በማሳረፍ ሊተካው ስለሚችል ወጪ ሆኖ አልተያዘም።

«አሮጌ ሞተር ነው» አለ ሊሻን። «ብዙ አየር ከሰጣችሁት ይሞቃል። ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ስፈታና ሳስር ብሎኑ ያልቃል።»

«እናመሰግናለን» አሉ ሊቀመንበሩ። ይህም በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «ዝም በል» ማለት ነው።

የመጀመሪያው ተራ የሊቀመንበሩ ነበር። መግጠሙ ሁለት ቀን ፈጀ፤ መፍታቱ አንድ ሰዓት ቢሆንም የድሮውን የጭስ ቱቦ መመለሱ አንድ ቀን ወሰደ። ከአሥራ አራቱ ቀናት ሦስቱ መኪናዋ እንደቆመች አለፉ። በሪፖርቱ ላይ ይህ «ለወጣት ባለሙያ የሥራ ዕድል ፈጠራ» በሚል ርዕስ ቀርቧል። ጭቅጭቅ የተነሳው ጋሽ ወንዳፈረው ተራቸው ካለፈ በኋላ ለዘመድ ሠርግ ወንበር አጓጉዛለሁ ብለው ቱርቦዋን አንድ ከሰዓት ተጨማሪ በያዟት ጊዜ ነው። ዕንባቆም ክፉኛ ተቆጣ። ተቆጥቶም ሰው እንደሚያደርገው አልጮኸም፤ አንቀጽ አረቀቀ። አንቀጽ ሰባት። ቆንጆ አንቀጽ ነበረች። ሲጽፋት ምላሱ ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር። ጋሽ ወንዳፈረውም በሠርጉ ነገር አፍረው ስለነበር ሳይከራከሩ ፈረሙባት።

ከዚያ የዕንባቆም ተራ ደረሰ፤ የሙሉነሽም የፈተና ሐሙስ የተራው የመጨረሻ ቀን ላይ ዋለ። ተራው የሚያበቃው በስድስት ሰዓት ነው። ዕንባቆም ሒሳቡን ሠራ። ዝንጅብሉን ሙዱላ ረቡዕ ይጭናል፤ ሐሙስ በማለዳ ይነሳል፤ በአምስት ሰዓት ሆሳዕና ይገባል፤ በስድስት ቱርቦዋን ያስረክባል። ሙሉነሽም አጠገቡ ተቀምጣ በዓይኗ ታያለች።

መኪናዋ በእውነት ተለውጣ ነበር። ከሙዱላ ስትወጣ አፏጨች። ቀጭን፣ ረጅም፣ የአዲስ መኪና ፉጨት ነበር። ዕንባቆም መስኮቱን ከፍቶ አደመጣትና ፊቱ በራ።

«ትሰሚያታለሽ፣ እትዬ?»

«እየሰማሁ ነው። ንዳ።»

ሐደሮ ላይ ሁለት የሚያውቃቸው ሹፌሮች መንገድ ዳር ቆመው አየ። በሰው ፊት እንዲህ ያለ ዕድገት ይዞ ዝም ብሎ ማለፍ ጨዋነት አይደለም። ቆመ፤ ኮፈኑን ከፈተ። «በራሳችን ጥናት ነው የገጠምናት» አለ። ሰው ተሰበሰበ። ጥያቄና መልስ ተካሄደ። ዱራሜ ላይ ደግሞ ሰው ሳይጠይቀው ቆመ፤ ስለ ዊጆው አሠራር ሰፊ ማብራሪያ ሰጠ፣ ደንቡንም ከኪሱ አውጥቶ አነበበላቸው። አንቀጽ ሰባትን ሁለት ጊዜ አነበባት።

«ዕንባቆም!» አለች ሙሉነሽ ከጋቢና።

«መጣሁ፣ እትዬ። የልምድ ልውውጥ ነው።»

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። መኪናዋ ግን ወጣችው! ሙሉ ጭነት ይዛ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ እያፏጨች። ሙሉነሽ ሳትቀር «ጎሽ!» አለች። ዕንባቆም በዕድሜው እንደዚያች ሰዓት ተደስቶ አያውቅም። ግማሽ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ሰው እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጃቸውን አነሡ። ጋሽ ወንዳፈረው ነበሩ። አጠገባቸው የሊሻን ሞተር ሳይክል ቆማለች፤ ሊሻን ራሱ የቁልፍ ከረጢቱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

ዕንባቆም ቆመ።

«ጋሼ፣ ምነው? በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው። ስድስት ሰዓት ከሁለት።»

«እና?»

«ተራዬ ነው።»

ዕንባቆም ሳቀ፤ ብቻውን መሳቁን ሲያይ አቆመ። «ሆሳዕና ገብቼ ላስረክብዎት እንጂ። ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።»

ጋሽ ወንዳፈረው መነጽራቸውን አድርገው ከደረት ኪሳቸው ወረቀት አወጡ። «አንቀጽ ሰባት። የተረኛው ጊዜ ባበቃበት ደቂቃ ቱርቦዋ የትም ቦታ ብትገኝ፣ ምንም ዓይነት ምክንያት ሳይደመጥ፣ ወዲያውኑ ተፈትታ ለተከታዩ ተረኛ ትሰጣለች። ጽሕፈቱ የማን ነው?»

«የኔ።»

«የትም ቦታ የሚለውን ያሰመረበትስ?»

«እኔው ነኝ።»

«ሁለት ጊዜ ነው ያሰመርክበት።»

ሙሉነሽ በመስኮት ብቅ አለች። «ምንድን ነው ነገሩ?»

«ትንሽ የደንብ ጉዳይ ነው፣ እትዬ።»

«ደንቡ ዝንጅብል ይሸከማል?»

ማኅበሩ መንገድ ዳር አስቸኳይ ጉባኤ ተቀመጠ። ማራዘሚያ ይሰጥ በሚለው ላይ ድምፅ ተሰጠ፤ አንድ ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ ሆነ። የሊቀመንበሩ አመዘነ። ሊሻን ሐሳቡን ሊናገር ሲል የቁልፍ እንጂ የድምፅ መብት እንደሌለው ተነገረው።

እዚህ ላይ ዕንባቆም ማርሽ አስገብቶ መሄድ ይችል ነበር። የሚከለክለው አንድ ጡረተኛና አንድ ጃንጥላ ብቻ ነው። ወቅቱ ሙሉ፣ ጎማው፣ ጣሪያው ከዳገቱ ጫፍ ላይ ይታየዋል። ግን አንቀጽ ሰባት በዕድሜው ከጻፈው ሁሉ ሰው የታዘዘለት ብቸኛ ነገር ነበረች። ዛሬ ጠዋት በሁለት ከተማ ሰው ሰብስቦ አንብቧታል። በገዛ አንቀጹ ላይ ጭቃ መርጨት እንዴት ይቻለዋል? ሞተሩን አጠፋ፤ ወርዶም ደረቱን ነፋ አደረገ።

«ፍታት» አለ ሊሻንን።

«አሁን እኮ እሳት ናት፤ እስክትበርድ ይቆያል። ደግሞ እሷን ስፈታ የድሮውን የጭስ ቱቦ ካልመለስኩ መኪናዋ አትሄድም። ይዘኸዋል?»

«ጋራዥ ነው ያለው።»

«የጋሼም መኪና ከጠዋት ጀምሮ ቱቦዋ ወልቆ ቱርቦዋን እየጠበቀች ነው» አለ ሊሻን። «እሷም አትንቀሳቀስም።»

በዚያች ሰዓት ማኅበሩ በንብረት ረገድ ከምንጊዜውም በላይ የተሟላ ነበር፤ ሁለት መኪና፣ አንድ ቱርቦ፣ አንድ ደንብ። የሚንቀሳቀሰው ግን የሊሻን ሞተር ሳይክል ብቻ ነበር።

ሙሉነሽ አልጮኸችም። ስልኳን አውጥታ ዱራሜ ደወለች። «አዎ፣ አዲሷን። ዳገቱ መሐል ነኝ። ቶሎ» አለች። መኪናው ደርሶ ከመንደሩ በተጠሩ ጎረምሶች ዝንጅብሉ እስኪዛወር ሊሻንም ቱርቦዋን ፈትቶ ጨረሰ፤ «ሌላ ሥራ አለኝ» ብሎም በሞተሩ ተፈተለከ። ቱርቦዋ ጆንያዋ ውስጥ ገብታ መንገድ ዳር ቀረች። የተረኛው መኪና ሆሳዕና ነው፤ ስለዚህ መጓጓዝ ነበረባት።

«እትዬ፣ እኛንም...» አለ ዕንባቆም።

«ጋቢናው ሞልቷል። ዝንጅብሉ ላይ ውጡ።»

ጋሽ ወንዳፈረው ጃንጥላቸውን ዘርግተው በዝንጅብሉ አናት ላይ ተቀመጡ። ዕንባቆም ጆንያውን ጭኑ ላይ አድርጎ አጠገባቸው ተቀመጠ። አዲሷ መኪና ዳገቱን ሽቅብ ተያያዘችው። ከጋቢናው መስኮት የሙሉነሽ ድምፅ ይሰማል፦ «በሚቀጥለው ሐሙስም ሙዱላ ትመጣለሃ? ወቅቱን በሙሉ ነው የምልህ።» ሹፌሩ እሺ አለ።

አንጋጫ ሊደርሱ ሲሉ ጋሽ ወንዳፈረው ጣታቸውን አነሡ። «ትሰማለህ ፉጨቱን?»

«የዚህ መኪና ነው፣ ጋሼ።»

«ቃለ ጉባኤውን አውጣና ጻፍ።»

ዕንባቆም ደብተሩን አወጣ፤ መኪናው እያንገጫገጨውም ቢሆን ባማረው ጽሕፈቱ ጻፈ። «ቱርቦዋ በዛሬው ዕለት ከሙሉ የዝንጅብል ጭነት ጋር የአንጋጫን አቀበት በስኬት ወጥታለች።» ደግሞ አነበበው። አንድም ውሸት የለበትም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

«ያጋጠሙ ችግሮች በሚለው ሥር ምን እንበል?» አሉ ሊቀመንበሩ።

ዕንባቆም ዞር አለ። ታች፣ መታጠፊያው ላይ፣ የእሱ መኪና ጎማዋ ሥር አራት ድንጋይ ተወትፎላት፣ ኮፈኗ እንደተከፈተ ቆማለች። እያነሰች፣ እያነሰች ሄደች። ከዚያ መንገዱ ታጠፈ።

«አሁን አይታይም» አለ።

«እንግዲያው የለም በል።»

«የለም» ብሎ ጻፈ፤ ሁለት ጊዜም አሰመረበት።