ነርቭ፣ ቆዳ እና የሚኒባስ መስኮት

ነገርን ሁሉ ከጽንስ የሚጀምር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ከሸዋሮቢት ወደ ጀውሃ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጋጠመኝ። ላቤ ይንቆረቆራል፣ መቀመጫዬ ላይ እቁነጠነጣለሁ፤ መስኮት የሚከፍት ግን የለም። ነፋስ ይመታናላ! ሙቀትማ ማንን መትቶ ያውቃል?

«ኧረ ክፈቱልኝ፣ ነርቬ ተነካ!» ብዬ ጮህኩ።

መስኮቱ ሥር የተቀመጠው ወጣት የባዮሎጂ መምህር ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። መስኮቱን ግን አልከፈተም፤ ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ ጭኑ ላይ ዘረጋው።

«ነርቭና ቆዳ ጽንስ ላይ አንድ ሽፋን ነበሩ» አለ፣ ፎጣውን እያጠፈ። «መሃሉ ይጎደጉዳል፣ ዳርና ዳሩ ይገጥማል፣ ቱቦ ይሆናል። አንጎል የሚሠራው ከዚያ ነው፤ ውጭ የቀረው ቆዳ ይሆናል። እንግዲህ ቆዳ ሲቃጠል ወንድሙ ነርቭ እንዴት ዝም ይላል? መስኮቱ ይከፈት!»

ከኋላችን የተቀመጡት ነጋዴዋ እትዬ ዘሃራ «ቱቦው ሳይዘጋ ቢቀርስ?» አሉ።

«ልጁ ይጎዳላ!»

«ታዲያ አንተ ልጅ፣ አላህ በእናት ሆድ እንኳ ክፍት ያልተወውን፣ አንተ አስፋልት ላይ ልትከፍተው ነው?»

ተሳፋሪው በሙሉ «እውነታቸውን ነው!» አለ። እኔ መምህሩን በተስፋ አየሁት። እሱ ፎጣውን አነሳና አንገቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ጠመጠመው።