የእመት ኤሊ ካሳ

ተረቴን ስሙኝ፤ ካልጣማችሁ ንገሩኝና አቆማለሁ። ድሮ፣ ጫካው ገና ከተማ ልሁን ብሎ ሳይታመም፣ አያ አንበሶ የሚባል ንጉሥ ነበር። ግብር ሲያበላ ሲያበላ የጫካውን ጎተራ አራቆተው።

ይኼኔ አያ ዝንጀሮ ከሰው አገር ኮምፒዩተር ይዞ መጣ። ከመሐንዲሶች ድንኳን ሰርቆት ነው፤ እሱ ግን «ሠልጥኜበታለሁ» አለ። ጉባኤ ተጠራ። ዝንጀሮ የጫካውን ካርታ ከፍቶ አንዱን ቁልፍ ሲጫን በሸለቆው ውስጥ ሰማንያ ቤት በቀለ። ሌላውን ሲጫን በካርታው ላይ ያለው ጎተራ ጢም ብሎ ሞላ።

«እዚህ ሰፈር ብንሠራ በኪራይ ይህን ያህል እህል ይገባል፤ ለመንገድ ይህን ያህል ይወጣል፤ ትርፉ ይኸው» አለ።

አያ አንበሶ ምራቁን ዋጠ። አያ ጅቦ ነገሩ አልገባውም፤ ግን የመንገድ ዳር ቦታ ቃል ተገብቶለት ስለነበር አጨበጨበ።

በሸለቆው የምትኖረው እመት ኤሊ እየተንፏቀቀች ደረሰች። «ጌታዬ፣ እንቁላሎቼ እዚያ አሸዋ ውስጥ ናቸው። እስኪፈለፈሉ ታገሱኝ። ደግሞም ነሐሴ ሲገባ በዚያ በኩል ወንዝ ይወርዳል» አለች።

ዝንጀሮ ካርታውን አየ። ካርታው የተነሳው በየካቲት ነበር። «ወንዝ የለም» አለ። «እንቁላል የሚባል ምልክትም የለም።»

«ለእሷ የምንከፍለው ካሳስ?» አለ አንበሶ።

«ቤቷን በጀርባዋ ተሸክማ ትሄድ የለ? ዜሮ።»

ጉባኤው ሳቀ። እኔ ዛሬ ስነግራችሁ እንኳ ያንገበግበኛል። ሸለቆው እኮ ከተሰበሰቡበት ዋርካ ሥር ሆኖ ይታያል፤ አንዱም «እስቲ ወርደን በዓይናችን እንየው» አላለም። በበነጋው ጎሾች ወርደው መሬቱን ደለደሉት። ኤሊ አሸዋውን ብትጭር ብትጭር ያገኘችው የተሰባበረ ቅርፊት ነው። ስታለቅስ ዋለች፤ ከዚያ ቤቷን ተሸክማ ወደ ኮረብታው ወጣች።

ሰኔ ላይ ቤቶቹ አለቁ። ሐምሌ ላይ አንበሶ ጎተራውንም ቤተ መንግሥቱንም ወደዚያው አዛውሮ ሰፈሩን መረቀ። ነሐሴ ላይ ወንዙ እንደ ልማዱ መጣ፤ ማንንም አላስፈቀደም። ሰማንያውን ቤት ከነጎተራው ጠራርጎት ሄደ።

እንስሳቱ በጭቃ ተለውሰው ወደ ኮረብታው ወጡ። ንጉሡ ጋማው ተጣብቆ ድመት አክሏል። ዝንጀሮ ግን በኮባ ቅጠል የጠቀለለውን ኮምፒዩተር ከፍቶ ቁጭ አለ።

«የጉዳቱን ግምት ልሠራ ነው» አለ። «እመት ኤሊ፣ ያንቺስ ስንት ይባል?»

ኤሊ አንገቷን አውጥታ አየችው።

«የእኔማ ዜሮ ነው፤ ጽፈኸው የለ? ይልቅ ለጌታህ ጻፍለት፤ እሱ ቤቱን በጀርባው አልተሸከመም።»