ቦሌ ሚካኤል የተሰፋው ሚላኖ

ዘንድሮ የፈጠራ ሥራ የጀመረ ወጣት አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። «እንደገና ብትጀምር ምን ትለውጣለህ?» መድረክ ላይ ማይክ አቀብለው ይጠይቁታል፣ ፖድካስት ላይ ይጠይቁታል፣ ወሎ ሰፈር ማኪያቶ የጋበዘው ጀለሱም ይጠይቀዋል። መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ «ቀድሜ እጀምር ነበር፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር እውል ነበር፣ ስህተቴ ሁሉ ትምህርት ሆኖኛል።» ስህተቱን ሲያወራ እንዲህ የሚያምርበት ሰው መጀመሪያውኑ የተሳሳተ አይመስለኝም። እኔ ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ስለተውኩ አጠር አድርጌ ነው የምመልሰው። የምለውጠው ሁለት ጣት የምታህል ጨርቅ ነው።

የቆዳ ቦርሳ እሠራለሁ። እሠራለሁ ስል፣ ቅርጹን እስላለሁ፣ ቆዳውን እመርጣለሁ፤ የሚሰፉት ግን ጋሽ ከድር ናቸው። ከወሎ መጥተው ቦሌ ሚካኤል ጫማ ሲሰፉ የኖሩ፣ መርፌ ከያዙ የማያወሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ቦርሳዎች ተሸክሜ የቦሌን ቡቲኮች ስዞር፣ ባለቤቶቹ አገላብጠው፣ አሽትተው፣ ዚፑን ከፍተው ዘግተው «ከውጭ ነው?» ይሉኛል። «አይ፣ የኛው ነው» ስል ቦርሳው እዚያው እጃቸው ላይ ያረጃል። እኔም አራዳ አይደለሁ? «ሚላኖ፣ ጣሊያን» የሚል የጨርቅ ሌብል በፈረንጅ ፊደል አሳተምኩ። ሐሳቡን ለማውጣት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በሳምንቱ ያንኑ ቦርሳ እዚያው ቡቲክ ይዤ ብመለስ፣ ያቺው ባለቤት «ይሄ ነው እንግዲህ ቆዳ ማለት» አለችኝ።

ሰባት ወር ጣሊያን ሆነን ኖርን።

ከዚያ ቡቲኮቹ ቀዘቀዙ። ጋሽ ከድር ሥራ ካልመጣ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ያለ ሶፋ ቤት ሊገቡ ተነጋገሩ። እሳቸው ከሄዱ ለኔ የሚቀረኝ ስዕል ብቻ ነው። ሜሮን የመጣችው በዚህ መሃል ነው፤ አዲስ ለሚከፈት ሆቴል ዕቃ የምትመርጥ ሴት ናት። ቦርሳዬን ስታይ ዓይኗ በራ። ከዚያ ውስጡን ገልጣ ሌብሉን አነበበች።

«ቆንጆ ነው። እኛ የምንፈልገው ግን እዚህ የተሠራ ነው።»

«እዚህ ነው የተሠራው።»

«ሚላኖ ይላል እኮ።»

«እሱ... ውሸት ነው።»

«ታዲያ ያሁኑስ እውነት መሆኑን በምን ልወቅ?»

እስቲ ፍረዱኝ። የሰው ሥራ የኔ ነው ብሎ ሽንጡን ገትሮ የሚከራከር ብዙ አይቻለሁ፤ የገዛ ሥራውን የኔ ነው ብሎ ማሳመን ያቃተው ግን ከራሴ ሌላ አላየሁም። ስልኬን አውጥቼ ጋሽ ከድር ሲሰፉ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ባሳያት «ቪዲዮ ማንም ይቀርጻል» አለችኝ። በመጨረሻ «እሺ፣ ዓይኔ እያየ ይሰፋ» ብላ ተከትላኝ ቦሌ ሚካኤል ወረደች።

«እኔ ጣሊያንን የማውቀው በማካሮኒ ነው፣ ልጄ» አሏት ጋሽ ከድር ስለ ሚላኖ ስትጠይቃቸው፣ በርጩማውን እየጠረጉላት። ከዚያ ሥራቸውን ያዙ። ቆዳው ተቆረጠ፣ ክሩ በሰም ታሸ፣ ማሽኑ መንጎድ ጀመረ። ሜሮን ስልኳን እንኳ አልነካችም። ዚፑ ገባ፣ ማንገቻው ገባ፤ አለቀ ብዬ በደስታ ልዘል ስል፣ ጋሽ ከድር እጃቸውን ወደ ቆርቆሮ ጣሳቸው ሰደዱ። አንዲት ጨርቅ አነሱ። በሰባት ወር ልማዳቸው፣ ረጋ ብለው፣ ቦርሳው ውስጥ ሰፏት።

ሚላኖ፣ ጣሊያን።

«ጋሽ ከድር...» አልኩ፣ ሌብሉን በጣቴ እያሳየሁ።

ቀና አሉ። «ምነው፣ ዘመመች እንዴ?»

ሜሮን በሳቅ ከበርጩማው ልትወድቅ ነበር። እንባዋን እየጠረገች «አሁን አመንኩ» አለች። «ጣሊያን ስትሰፋ በዓይኔ አየሁ። ይቺን ፍቱና የራሳችሁን ስም ስፉበት፤ ሠላሳ አምጡልኝ።»

ሠላሳ ቦርሳ። ሶፋ ቤቱን ጋሽ ከድር ራሳቸው ደውለው ይቅርታ ጠየቁ። እኔ ያን ቀን ከቦሌ ሚካኤል ወሎ ሰፈር ድረስ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ታክሲ ውስጥ ቁጭ የምልበት አንጀት አልነበረኝም።

እንግዲህ እንደገና ብጀምር ገና ከመነሻው እውነቱን እጽፍ ነበር። ግን ቀላል አይምሰላችሁ፤ እውነቱን መጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የራሴን ስም ጻፍኩ፤ የሰፋሁት እኔ አይደለሁም። የሰፈሩን ስም ጻፍኩ፤ ሰፈር መርፌ አይዝም። «የጋሽ ከድር ሥራ» ልበለው ብዬ ባማክራቸው ተቆጡ።

«የኔ ስም ሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ምን ይሠራል? ተው፣ ነውር ነው።»

ቀኑን ሙሉ አኮረፉኝ። እኔም እንደ ልማዴ ሳልሰማ አሳተምኩት።

ሌብሉ የመጣ ዕለት መነጽራቸውን አጠለቁ። ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ ብለው አነበቡት፤ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው ደግመው አነበቡት። ሊወረውሩት ነው ብዬ ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ፊደሏ ግን» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትንሽ አላነሰችም?»