በክርክር የተገኘ ማርክ

መጀመሪያ የተነገረውን ዋጋ ሳይከራከር የሚቀበል ሰው ወይ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይ አሞታል። ቢያንስ እኛ ሸዋ ሮቢቶች እንዲህ ነው የምናምነው። እኔ ደግሞ ማሾ ነጋዴ ነኝ፤ እንኳን ዋጋ፣ ሰላምታም ሲሰጡኝ "ትንሽ ጨምሩበት" ማለት ያምረኛል።

እንግዲህ ይኸው ሰውዬ በዚህ ዕድሜው ከሚስቱ ከዘይነባ ጋር በርቀት ትምህርት ሥራ አመራር ይማራል። የቀረን አንድ ፈተና ነበር። እሱን ካለፍን አብረን ጋውን ለብሰን ልንመረቅ ነው፤ የቀወት ወረዳ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ተጠርቷል። አስጠኚያችን ጋሼ ጌታቸው ብዙ ጊዜ ስለማናገኛቸው፣ "ስልካችሁ ላይ ያለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥያቄ አውጣልኝ፣ አርምልኝ እያላችሁ ተለማመዱ" አሉን።

ማንጎ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። "የዕቅድን ጥቅም ያብራሩ" አለኝ ስልኬ። "ዕቅድ ጥሩ ነገር ነው። ያላቀደ ነጋዴ ይከስራል" ብዬ ጻፍኩ።

"ግሩም ጅምር ነው። ነገር ግን ማብራሪያ ይጎድለዋል። ከመቶ አርባ።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱን ታሻሽሉ ይሆናል… እኔ ግን አርባው የመጀመሪያ ዋጋ መሰለኝ።

"አርባማ አይሆንም። ስንት ዘመን የነገድኩ ሰው ነኝ፤ ልምዴን አስብልኝ።"

"ትክክል ነዎት፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልምድዎን ከግምት አላስገባሁም። ስልሳ።"

ክው አልኩ። ይቅርታ ጠይቆ የሚጨምር ሻጭ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

"የልጆች አባት ነኝ እኮ።"

"ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ሰባ አምስት።"

"ተወው በቃ፣ ሌላ ጋ እጠይቃለሁ" ብዬ ልሄድ የተነሳሁ መሰልኩ። ዘጠና ሁለት ገባ። መልሴ ላይ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም፣ ወላሂ!

ዘይነባ ግን የራሷን ስልክ "አታሞግሰኝ፤ የጎደለኝን ብቻ ንገረኝ" ብላዋለች። ሃምሳ ሲሰጣት ሞጁሏን ትገልጣለች፣ እንደገና ትጽፋለች፣ እንደገና ይነቅፋታል። አሳዘነችኝ።

"አምጪው፣ እኔ ልከራከርልሽ።"

"ተወኝ፣ እያጠናሁ ነው።"

ዋጋ መከራከር እንደማትችል ሳላጣራ ማግባቴ የራሴ ጥፋት ነው ብዬ ተውኳት።

ፈተናው መጣ፤ ውጤቱም መጣ። እሷ አለፈች፣ እኔ ወደቅኩ። ፈተናውን ወዳረሙት ወደ ጋሼ ጌታቸው ቢሮ መንገዴን አቀናሁ።

"ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ይጨምሩበት።"

"ምን ላይ ልጨምር? ዕቅድ ጥሩ ነገር ነው ብለሃል፤ ተስማምተናል። ከዚያስ?"

"ልምድ አለኝ።"

"ልምድህን አልጠየቅኩህም።"

"ይተዉት በቃ" ብዬ ተነሳሁና ቀስ እያልኩ ወደ በሩ ሄድኩ። ሻጭ የሚጠራው እዚህ ላይ ነው። በሩን አለፍኩ። ግቢውን አለፍኩ። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ እንኳን ሾፌሩን "እስኪ ትንሽ ቆይ" አልኩት… የጠራኝ የለም።

በመንገዱ ላይ ዘይነባ ጋውን ለብሳ፣ እኔ ደግሞ ከፊቷ ቆሜ ፎቶ ሳነሳት ታየኝ። በምርቃቷ እንዴት ይከፋኛል እያልኩ ራሴን ብቆጣም ሆድ ባሰኝ።

ቤት ስደርስ አልሳቀችብኝም። የባሰው ይህ ነው።

"ምርቃቱን ለሚቀጥለው ዙር አስተላልፌዋለሁ" አለችኝ። "አብረን ጀምረን ብቻዬን አልጨርስም። ዘመድ የፈለገውን ያውራ። ግን ከዛሬ ጀምሮ የማርምህ እኔ ነኝ።"

ዓይኔን ጠረግ ጠረግ አድርጌ የዚያኑ የዕቅድ ጥያቄ መልስ በወረቀት ጻፍኩላት፤ አሁን ይበልጥ አሳምሬ ነው የጻፍኩት። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

"ሠላሳ።"

"ኧረ ዘይነባ፣ ትንሽ ጨምሪ።"

"ሃያ አምስት።"