ጋሼ ደንቡ ካርታ ሲያስተምሩ

ሕጉን ከጣስክ በኋላ የሚነግርህ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ግማሽ ቀን ወረፋ አቁሞህ፣ ተራህ ሲደርስ «ፎቶው ሁለት መሆን ነበረበት» የሚልህ እሱ ነው። ዕቃውን ገዝተህ ከከፈትከው በኋላ «የተከፈተ አይመለስም» የሚልህም እሱ ነው። ይህን ሰው የሚከለክል ሕግ ቢወጣ እንኳ፣ መውጣቱን የሚነግረን ራሱ ነው፤ ያውም ከተቀጣን በኋላ!

የዚህ ወገን ሊቀ መንበር፣ ክቡር ጋሼ ደንቡ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ስሙን ያወጣችላቸው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። ስሙን ባወጣችላቸው ሰሞን ስትሮክ መትቷት ከሐኪም ቤት ወጥታ ቤት ውላለች። ቀኝ እጇ ደኅና ነው፤ ግራዋ ግን የሌላ ሰው ይመስል ጭኗ ላይ ተጋድሟል። ጨርቁን ይዞ ወደ መርፌው የሚመራው ደግሞ ግራ እጅ ነው። የስፌት መኪናዋ አንሶላ ለብሷል። ሐኪሙ «ጣቶችሽን አሠሪያቸው» ብሎ የሰጣትን ኳስ አልጋ ሥር ወርውራዋለች።

ጠያቂ ይመጣል፤ እጇን ያያል፤ ከንፈሩን መጥጦ ይሄዳል። ከንፈር ተመጦለት የዳነ በሽተኛ ያየ ካለ እስቲ ወጥቶ ይናገር!

ጋሼ ደንቡ ከንፈር አልመጠጡም። አንድ ከሰዓት፣ እጅጌው የተተረተረ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ጠርዙ የተበላ ካርታ ይዘው ገቡና ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀሷን ገፋ አድርገው መበወዝ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ካርታ አልችልም እኮ።»

«ቀላል ነው። ለሁለት ሰው ነው። ዐሥር ዐሥር እንይዛለን። አንድ ታነሺያለሽ፣ አንድ ትጥያለሽ። ወይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሦስትም አራትም ትሰበስቢያለሽ፣ ወይ በአንድ ምልክት ተከታታይ። ሁሉንም ቀድሞ የገጠመ ዘጋ። በቃ።»

የት በቅቶ! ገጥሞላት «ዘጋሁ!» ስትል፣ «ጠረጴዛውን አልመታሽም፤ ቅጣት» አሏት። በሚቀጥለው ደጋግማ መታች። «ሁለቴ አይመታም፤ ቅጣት።» እሷ ደግሞ ካርታዎቿን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ በቀኟ ነበር የምትጫወተው።

«ካርታ ጠረጴዛ ላይ አይተኛም!» አሉ ድንገት። «በግራ ይያዛል፣ በቀኝ ይጣላል። ደንብ ነው።»

«ግራዬ እንደማይሠራ እያዩ?»

«ደንቡ የሐኪም ወረቀት አይቀበልም።»

ደሟ ፈላ። በቀኟ እየደገፈች ግራዋ ውስጥ ሰካቻቸው፤ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተበተኑ።

«የወደቀ ካርታ ታይቷል። ቅጣት።»

«አውቶቡሱንም እንዲህ ነው የነዱት?» ጮኸች። «ሰው ካለፈው በኋላ ነው ፌርማታውን የሚነግሩት?»

«የጫንኩት ሁሉ ደርሷል» አሉ ጋሼ፣ ካርታውን ከወለል እየለቀሙ።

ንዴት እንቅልፍ ነሳት። እሳቸው በሌሉበት እየተለማመደች፣ መጀመሪያ ሦስት ካርታ ያዘች፤ ወደቁ። እንደገና ያዘች። እየዋለ እያደረ አምስት ቆሙላት። ዓላማዋ መዳን አልነበረም፤ ሽማግሌውን አፈር ማስጋጥ ነበር። ዐሥሩን እንደ ማራገቢያ ዘርግታ፣ አንዴ ብቻ መትታ «ዘጋሁ!» ያለች ዕለት ጋሼ ጣሪያውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፤ ደንብ አጡ። በዚያው ሳምንት አንሶላው ከመኪናዋ ላይ ተነሣ።

ቆይቶ እህቷና የእህቷ ባል ሊጠይቋት መጡ። ልብስ ሰፊዋ ከእህቷ ባል ጋር ካርታ ያዘች። እሱ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስተኛ እሷ ብድግ አለች፦

«በግራ ያዝ! ቅጣት!»

«የምን ግራ?»

«ደንብ ነዋ!»

ሰውየው ሳቀ። «ይሄን ጨዋታ ስጫወት ነው ያደግኩት። እንዲህ የሚባል ደንብ ሰምቼ አላውቅም።»

መልስ ልትሰጠው አፏን ከፈተችና ግራ እጇን አየችው። ዐሥር ካርታ፤ አንዱም አልተነቃነቀም። ቀስ ብላ አስቀመጠቻቸውና ወጥታ የጎረቤቷን በር አንኳኳች።

«ምነው?» አሉ ጋሼ ደንቡ።

«ኮትዎን ያውልቁ።»

«ለምን ሲባል?»

«እጅጌው ተተርትሯል። በተተረተረ ኮት ካርታ አይጫወትም፤ ደንብ ነው።»

«ምን? እንዲህ የሚባል ደንብ የለም!»

«ይኸው ነገርኩዎት» አለች፤ ኮቱንም በግራ እጇ ተቀበለቻቸው።