ልብስ ሰፊዋ በሦስቱ መስኮቶች ላይ የዘመተችበት ዜና

ፍሪጁ በሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ የስፌት መኪናዋ በነገሠች በዐሥራ አንደኛው፣ አማቷ አባባ ከልጃቸው ቤት ገብተው በተቀመጡ በአራተኛው፣ ዘመኑም ዘመነ ነፋስ በሆነ ጊዜ፣ ሥይምተ መርፌ፣ ዓቃቢተ መቀስ፣ የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ የምታሳጥር፣ ለወፈረው የምታሰፋ፣ ለከሳውም ሳታሳፍረው የምታጠብ ልብስ ሰፊዋ በቤቷ መስኮቶች ላይ ዘመተች። የሆነውንም ሳንጨምር ሳንቀንስ እንጽፋለን።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። በቤቱ ሦስት መስኮቶች ነበሩ፤ አንደኛው አይከፈትም፣ ሁለተኛው አይዘጋም፣ ሦስተኛው ግን እንደ ፈቃዱ ይኖር ነበር። ነፋስም በየስንጥቁ እየገባ የልክ ወረቀቷን ይበትናል፣ ክሯን ያወሳስባል፣ ለሙሽራ የተዘረጋውን ነጭ ጨርቅ አቧራ ያለብሳል። ጨርቅ ብትወትፍ፣ ፕላስተር ብትለጥፍ፣ ነፋሱ ሌላ መግቢያ አያጣም። ይህን ሁሉ ቻለችው፤ የአባባን ሳል ግን መቻል አቃታት። በማይዘጋው መስኮት ሥር ተኝተው አንድ ወር ሙሉ ሲስሉ፣ ጎረቤቷ ነርስ መጥታ ደረታቸውን አዳምጣ እንዲህ ስትል አወጀች፤ «ይሄን ሳል ሽሮፕ አይመልሰውም። ብርዱን ካላስቀራችሁላቸው ክረምቱ ይከብዳቸዋል።»

ነገር ግን መስኮቶቹን የሠሩት ራሳቸው አባባ ነበሩ። በጉልበታቸው ዘመን፣ ስመ ጥር አናጢ ሳሉ፣ ቤቱ ሲሠራ እንጨቱን መርጠው፣ ልገው፣ ገጥመው በገዛ እጃቸው ያቆሟቸው ናቸው፤ አሁን ግን እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የሻይ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጅ ይይዛሉ። መስኮቶቹ ሊነቀሉ መሆኑን በሰሙ ጊዜ ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ «እኔ በሠራሁት መስኮት የገባ ነፋስ እኔን አያመኝም» የሚል አዋጅ አስነገሩ፤ አስነግረውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ምራታቸውን አኮረፉ። እርሷም ምራት ናትና አዘነች፤ ልብስ ሰፊም ናትና ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ መለካት ጀመረች።

አስቀድማ ወደ አሉሚኒየም ሠሪው ሄደች። ዋጋውን በነገራት ጊዜ በልቧ ወደ ሱሪ መነዘረችው፤ የስንት መቶ ሰው ሱሪ ማሳጠር እንዳለባት ባየችም ጊዜ አመስግናው ወጣች። ወዲያውም አንድ አሮጌ መሥሪያ ቤት እየፈረሰ መሆኑን፣ በሩና መስኮቱም በርካሽ እንደሚሸጥ ሰማች። በባሏም የዕረፍት ቀን ጉዞ ሆነ። የተከተላትም ሠራዊት እነሆ፤ በቀኟ ከትራፊክ በቀር ከማንም ጋር የማይከራከረው የሚኒባስ ሾፌር ባሏ፤ በግራዋ ዋጋ በሰማች ቁጥር የሚሞት ሰው ያየች ያህል ፊቷን የምታጠቁረው ነርስ፤ ከኋላም ሁለት ገመድና አንድ አሮጌ ብርድ ልብስ። በፍርስራሹም መካከል እንጨታቸው ወፍራም፣ መስታወታቸው ያልተሰነጠቀ ሦስት መስኮቶች አገኘች፤ በአንደኛው ላይ ግን «ፎርም ሳይሞሉ አይግቡ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር። ነርሷም ስለዚህ ጽሑፍ ፊቷን አጠቆረች፤ ሻጩም ቀነሰ፤ ባሏም ጫነ።

ወእምዝ መከራ መጣ። አሮጌዎቹ ተነቅለው ግድግዳው በሦስት ቦታ አፉን ከፍቶ ሳለ፣ አዲሶቹ ቢገፏቸውም አንገባም አሉ፤ ሦስቱም በሁለት ጣት ይሰፉ ነበር። ልብስ ሰፊዋ በመጀመሪያ ሻጩን ጠረጠረች፣ ቀጥላ ግድግዳውን፣ በመጨረሻም ራሷን። ለካ ስትለካ እጇ በልማዱ ለስፌት የሚታጠፈውን ሁለት ጣት ጨምሮ ኖሯል። ባሏ ሳቁን ሊደብቅ ጎማ አያለሁ ብሎ ወጣ። የተጠራውም አናጢ ዙሪያውን ቃኝቶ፣ «ወይ ግድግዳው ይፍረስ፣ ወይ ሰኞ ልምጣና እንጨቱን ላጥብበው» ሲል አወጀ፤ የጠየቀውም ዋጋ ከመስኮቶቹ ዋጋ በለጠ። ደመናው ደግሞ ሰኞን የሚጠብቅ አይመስልም፤ አባባም ብርድ ልብሳቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው ይስሉ ነበር።

በዚያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ በሰው ሁሉ ፊት ከአልጋቸው አጠገብ ቆማ ታላቁን አዋጅ አወጀች፤ «አባባ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እንደ ጨርቅ ለክቼው በሁለት ጣት በለጠብኝ። ጨርቅ ቢሆን እኔው አጥብቤ እሰፋው ነበር። እንጨት ግን ከእርስዎ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞሩ፤ እጃቸውን ዘርግተው የመስኮቱን ጠርዝ ዳሰሱ፣ መገጣጠሚያውንም በጥፍራቸው ሞከሩ። ባኮረፉም በስድስተኛው ቀን አንደበታቸው ተፈታ፤ «መላጊያዬ አልጋ ሥር ነው» አሉ።

ተነሡም። እርሷ በልብስ ጠመኔዋ መስመር አሰመረች፣ ባልየው መጋዙን ሳበ፣ ነርሷ እንጨቱን ያዘች፤ አባባም መላጊያውን በጨበጡ ጊዜ ያ የሚንቀጠቀጥ እጅ ረጋ። ፍቅፋቂውም እንደ ሪባን እየተጠቀለለ ወለሉን ሸፈነ። ምራቲቱ ሹራብ ታለብሳቸዋለች፣ እርሳቸው ያወልቁታል፤ እንደገና ታለብሳቸዋለች። ከቀትር በኋላ ሦስተኛው መስኮት ቦታውን ሲይዝ የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ መስታወቱን መታ፤ ውጭም ቀረ።

ባልየው አሮጌዎቹን መስኮቶች ምን እንደሚያደርጋቸው ግራ ገብቶት ነበር፤ ማገዶ ይሁኑ ለማለት ፈርቶ። አባባ ግን ጎንበስ ብለው ብዙ አዩአቸው፤ ከዚያም የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፤ «ይሄ ማዕዘን ያኔም ጠማማ ነበር። ሰው እንዳያይብኝ ሠላሳ ዓመት ስሳቀቅ ኖርኩ። ፍለጡት።»

ልብስ ሰፊዋም እንደ ተደነቀ ሰው ራሷን ነቀነቀች። ሙሽራ ሆና በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ያንን ማዕዘን አይታ፣ መጋረጃውን በጠማማነቱ ልክ አጣማ የሰፋችው እርሷ እንደ ሆነች ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ይህን የሚያውቅ የዚህ ዜና ጸሐፊ ብቻ ነው።

አባባ ሻይ ጠጥተው አረፍ እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ሳልም አልቀሰቀሳቸውም። ለነገ የሚደርስ ቀሚስ ነበራት፤ እርሷ ግን መኪናዋን ዘግታ በእጇ ትሰፋ ጀመር። እነሆ መዋዒተ ነፋስ፣ መስኮትን በእንጨት፣ አማትን በእውነት ያስተካከለች፣ ጠማማውን አይታ እንዳላየች የኖረች፣ ክብር ለእርሷ ይሁን፤ ክሯ አይበጠስ፣ ዓይኗም አይድከም፤ እንዲህ ያለች ምራት ከእርሷ በፊት በዜና አልተጻፈችም።